ከቀዩ መብራት ወዲያ

ጀግናው ሞቶ የተገኘው መቅጃ ክፍሉ ውስጥ፣ በሩ ስር ተጠቅልሎ ነው። ጀግናው ስሙ አይደለም፤ ወደ አማርኛ በሚመለሱት የውጭ ድራማዎች ላይ ሁሌ የዋናውን ሰውዬ ድምፅ የሚሰራው እሱ ስለሆነ ነው እንደዛ የሚሉት። ድምፁ ደግሞ፣ ምን ልበላችሁ፣ «ደህና አደርሽ» ሲል ራሱ ልብ ቀጥ ያደርጋል። ብቻ አስም ነበረበት። መተንፈሻው የቀረው ጃኬቱ ኪስ ውስጥ ነው፣ ጃኬቱ ደግሞ ውጭ ወንበር ላይ። ማይክ ፊት ልብስ ስለሚንኮሻኮሽ ሁሉም አውልቆ ነው የሚገባው።

ሚጡ ለጀግናው ማልቀስ እንኳ አልቻለችም። (ሚጡ ትልቅ ሴት ናት እኮ፣ የልጆቹን ድምፅ ሁሉ ስለምትሰራ ነው ሚጡ ያሏት።) ለምን ብትሉ፣ ፖሊሶች ወንድሟን ሊወስዱባት ነው። እናት አባት የላቸውም፤ ያሳደጋት እሱ ነው። ድምፅ ቀጂ ነው፤ «መቅጃ መሳሪያው ላይ የነበርኩት እኔ ነኝ፣ እንቅልፍ ጣለኝ» ብሎ እጁን አጣጥፎ ቁጭ ብሏል።

«ወንድምሽ ሲቀዳ ይተኛል እንዴ?» አለቻት መርማሪዋ። አጠር ያለች፣ ስትራመድ የማትሰማ ሴትዮ ናት።

«እሱ? ትንኝ ብታልፍ ቀረጻ የሚያስቆም ሰውዬ ነው እኮ።»

«ታዲያ ለምን ይዋሻል?»

ሚጡ ዞራ ወንድሟን አየችው።

መርማሪዋ መቅጃ ክፍሉ ገብታ በሩን ከውስጥ ልክፈት ብትል እጀታው ተነቅሎ እጇ ላይ ቀረ።

«ከተሰበረ ቆይቷል» አለ የስቱዲዮው አለቃ፣ ከውጭ እየከፈተላት። «ውስጥ ያለው ሰው በማይኩ ክፈቱልኝ ይላል።»

«ቢጮህስ?»

«ቢጮህም አይሰማም። የሚሰማው ሄድፎን ያደረገ ሰው ብቻ ነው።»

«እርስዎ በዚህ አላለፉም?»

«ቀረጻ ላይ ነን የሚለው ቀዩ መብራት በርቶ ነበራ። ቀይ ከበራ እኔም ራሴ አልከፍትም። የቤቱ ሕግ ነው።»

ጥግ ላይ የተቀመጠችው ተርጓሚዋ የጀግናው ሚስት ናት። ፊቷ ላይ አንድም እንባ የለም። መርማሪዋ አጠገቧ ቁጭ አለች።

«ዛሬ ምን ነበር የምትቀዱት?»

«አንድ ቃል ነው ያስቸገረን። ሳንክቹዋሪ የሚል።»

«ምን ማለት ነው?»

«መጀመሪያ መቅደስ ማለት ነበር። ድሮ የሚያሳድዱት ሰው ሮጦ እዛ ከገባ ማንም አይነካውም፣ ነፍስ ያጠፋ ቢሆን እንኳ። በኋላ መጠለያ ሁሉ እንደዛ ተባለ። አሁን አጋዘንና ወፍ የማይታደኑበትንም ቦታ ይሉታል።» «ለአጋዘን እንኳ አለ ማለት ነው። እኔ መማፀኛ አልኩት። ድራማው ላይ ሰውዬው ‹አንቺ መማፀኛዬ ነሽ› ይላታል ለልጅቷ። ከተዋናዩ አፍ ጋር አልገጥም ሲለው ተናደደ።»

«ቃሉ ላይ?»

«እኔ ላይ።»

ሚጡ መሬት መሬት አየች።

መርማሪዋ ሁሉንም መሳሪያዎቹ ጋ ሰበሰበቻቸው። ከመቅጃ ክፍሉ የሚለያቸው መስታወት ብቻ ነው፤ መስታወቱ ላይ መጋረጃ ተዘግቷል።

«ገመዱ በዚህ በኩል ነው ያለው» አለች። «የተኛ ሰው መጋረጃ አይዘጋም። የዘጋው ያኛው ሲታገል ማየት ያቃተው ሰው ነው።» ሄድፎኑን አንስታ ለድምፅ ቀጂው ሰጠችው። «አድርገው እስቲ።»

ሚጡ ዕድሜ ልኳን «ሐብሐብ ራስ» እያለች የምትስቅበት ጭንቅላት ነው። ሄድፎኑ እንደ ቆብ አናቱ ላይ ቀረ። ማንም አልሳቀም።

«እስከ መጨረሻው ጠቧል። የመጨረሻ ያደረገው ሌላ ሰው ነው። አሁን ይሄን እዩ፣ በግራው ስፖንጅ ላይ ፋውንዴሽን አለ፣ ሴቶች ፊታቸውን የሚቀቡት። በቀኙ ግን ጠብታ የለም። አንድ ጉንጯን ብቻ አወፍራ የምትቀባ ሴት ማን ናት?»

አንድም ሰው ወደ ተርጓሚዋ ዞር አላለም። ሁሉም እዛ ቦታ ላለማየት ሲጠነቀቅ ነው እንግዲህ ሁሉም ያውቅ እንደነበር ያስታወቀው።

«ሚጡ» አለች መርማሪዋ ቀስ ብላ፣ «ከአለቃሽ ጋር ምሳ ስትወርዱ ወንድምሽ የት ነበር?»

«ሚጡ፣ ተይ» አላት ወንድሟ።

እሱን ካጣች ማን አላት?

«ደረጃ ላይ አገኘሁት። ኬብል ሊገዛ ሲወጣ።»

«መሳሪያውን ማን እንዲጠብቅለት ትቶ?»

«እሷን።»

ተርጓሚዋ ራሷን ነቀነቀች፣ የተቀየመችም አትመስልም።

«ባሌ ሲደበድበኝ የምሸሸው እዚህ ክፍል ነበር። ወንድምሽ ቀዩን ያበራልኛል፤ ባሌም በሩ ጋ ቆሞ ቆሞ ይሄዳል። ዛሬ ውስጥ ሆኖ በማይኩ ሲሰድበኝ ሲሰድበኝ ሳል ያዘው። ማይኩን ዘግቼ መብራቱን ግን አልነካሁትም። ከዛ ማይኩን መልሼ ከፍቼ ሰማሁት። ክፈቺ አለኝ። ቀጥሎ እባክሽ አለኝ። በትዳራችን እባክሽ ብሎኝ አያውቅም። አንዴ ደግሞ ልስማው ብዬ ነው የቆየሁት።»

«ወንበርሽ ላይ የነበረው ጃኬት...» አለቻት መርማሪዋ።

«አውቃለሁ። ተደግፌው ነበር።»

መርማሪዋ አለቃውን አየችው። «ያውቁ ነበር አይደል?»

«የባልና ሚስት ነገር ስለሆነ...» አለና ተወው።

«እኔ የምጠየቀው ማን እንዳልከፈተለት ብቻ ነው» አለች መርማሪዋ፣ ድክም ብሏት፤ ተርጓሚዋንም ክንዷን ይዛ አስነሳቻት።

ድምፅ ቀጂው የተርጓሚዋን ቦርሳ አንስቶ ተከተላቸው። ሚጡ እጅጌውን ያዘችው።

«ወንድምዓለም፣ አንተን ሊወስዱብኝ ነበር እኮ።»

«ልወሰድላት ነበር» አላት። «ወስኜ ነበር።»

አልተቆጣትም፤ ቢቆጣት ይሻላት ነበር። የቤታቸውን ቁልፍ ከኪሱ አውጥቶ መዳፏ ላይ አደረገላትና ወረደ። ታች የፖሊስ መኪናው በር ሲዘጋ ተሰማ። ሚጡ ተመልሶ ደረጃውን ሲወጣ እሰማ ይሆናል ብላ ቆመች። አለቃው መጥቶ ልዘጋ ነው እስኪላት ድረስ ቆመች።