የዘልማን የማይጠፋ ፍም

ያን ማለዳ በዘልማን ሰማይ ላይ የታየውን ምልክት ያስተዋሉት የቤተ መንግሥቱ ኮከብ ቆጣሪዎች አልነበሩም፤ እነሱ እንደ ልማዳቸው ተኝተው ነበር። ያየችው ኢልፋና ናት፣ የሟቹ የሸማኔው የቤርሳን ልጅ። ነፋሱ ዛፉን እያወዛወዘ፣ ከየጣሪያው የሚወጣው ጭስ ግን ቀጥ ብሎ ቆሞ አንዱ ከሌላው አልቀላቀል አለ። ኢልፋና ይህን ስታይ ጭሱ እንደ ከተማዋ ሰው ተለያይቶ የቆመ መሰላት።

ዘልማን ድሮ እንዲህ አልነበረችም። በየሰፈሩ እሳት የሚያሳድረው ባለ ተራው ቤት ብቻ ነበር። ጠዋት ሁሉም ገል ይዞ ወደዚያ ደጅ ይሄዳል፣ «እሳት ልጫር መጣሁ» ይላል። እሳት ሊጭር የሄደ ሰው ደግሞ ቶሎ አይመለስም። ማን እንደታመመ፣ ማን እንደወለደች፣ ማን ከሚስቱ እንደተኳረፈ የሚሰማው እዚያ ነው።

ከዚያ አመዴ የተባለው ወረርሽኝ መጣ፤ ከትንፋሽ ወደ ትንፋሽ እየዘለለ አገሩን ፈጀ። ንጉሥ አስማዶር ሕዝቡ ደጅ ለደጅ ሲዞር እንዳያልቅ ብሎ ሩማል ተራራ ወጣ፤ ከእሳት ዘንዶው ከቀርሞዝም ከአንዲት እናት ፍም የተከፈለ፣ እሷ እስካለች የማይጠፋ ፍም ለየቤቱ ለምኖ አመጣ። በዚያ ፍም ብዙ ነፍስ ተርፏል፤ ይህን የሚክድ የለም። አመዴ ግን ከሄደ ዓመታት አለፉ፣ ፍሙ አልጠፋም፣ ማንም የማንንም በር የሚያንኳኳበት ምክንያት አጣ። ሰው በየቤቱ እየሞቀው በብቸኝነት መነመነ።

ከሁሉም የባሰባት የኢልፋና እናት ሴንማር ነበረች። ባሏ ሲሞት ለቅሶ የደረሳት አንድ ሰው አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ምድጃው ዳር ተቀምጣ ቀረች፤ ምግብ እየተወች፣ ቃሏም እያጠረ ሄደ።

«እማ፣ ወጥተን ፀሐይ እንሙቅ» ትላታለች ኢልፋና።

«እሳቱ ይበቃኛል ልጄ። አንቺ ውጪ።»

ኢልፋና አጠገቧ ቁጭ ብላ እንኳ እናቷን ትናፍቃት ነበር። ይህ ናፍቆት ከሞተ ሰው ናፍቆት ይከፋል።

ጭሱን ባየችበት በዚያው ቀን ንጉሡ ፊት ቆመች። «ንጉሥ ሆይ፣ ያኔ ያደረጉት ልክ ነበር። አሁን ግን እናቴ በሽታው ሳይነካት እያለቀች ነው። የፍሞቹን እናት እንዳጠፋ ይፍቀዱልኝ።»

ንጉሡም ብቻውን ከሚበላበት ገበታ ቀና አለ። «በሽታው ቢመለስስ?»

«ቢመለስ በራችንን እንደገና እንዘጋለን። መዝጋቱን ለምደነዋል፤ የጠፋን መክፈቱ ነው።»

ንጉሡ ገበታውን ገፋ አድርጎ፣ «ሂጂ» አላት።

አብረዋት የሄዱት አባ ዶርጋን ናቸው። በአመዴ ዘመን በንጉሥ ትእዛዝ የታመመ ሰው ያለበትን በር ያሽጉ የነበሩ ሽማግሌ ናቸው፤ የቤርሳንንም በር ያሸጉት እሳቸው ነበሩ። «በሰባቱ የዘልማን ምንጮች እምላለሁ» አሉ፤ «በዚህች እጄ የዘጋሁትን በር ክፍት ሳላይ አልሞትም።»

በሩማል ግርጌ ባለው ጫካ ዋኔ የሚባሉ፣ ሰሚው የናፈቀውን ሰው ድምፅ የሚያወጡ ወፎች ይኖራሉ። ኢልፋና የአባቷን ድምፅ ሰማች፤ «ነይ ልጄ፣ ድሩን ያዥልኝ» ይላታል። እግሯ ወደ ገደሉ አመራ። አባ ዶርጋንም በታሸገ በር ውስጥ ሆነው ይጠሯቸው የነበሩትን ሰዎች ሁሉ ሰሙ፤ እያለቀሱ እጃቸውን ዘረጉ፣ እሷም ያዘችው። ከአመዴ ወዲህ የሰው እጅ ስትይዝ የመጀመሪያ ጊዜዋ ነበር። ጫካውን እስኪያልፉ አልተላቀቁም።

ቀርሞዝን በዋሻው ውስጥ በእናት ፍሟ ላይ ተጠምጥሞ አገኙት። ምኞታቸውን ሰምቶ እንዲህ አለ፦

«ፍሟ በሰው መዳፍ ውስጥ ትጠፋለች። ያጠፋት ሰው ግን እስከ ዕድሜው ፍጻሜ የቀረበው እሳት ሁሉ ይከስማል። ምድጃ ዳር አይቀመጥም፤ መብራት ባለበት ቤት አይገባም።»

«እኔ ልያዛት» አሉ አባ ዶርጋን። «የሚጠብቀኝ ሰው የለኝም።»

«እሳት ዳር የሚጠብቀው የሌለው ሰው ምን ይከፍለኛል? የማይናፍቀውን ነገር አልቀበልም።»

ኢልፋና እናቷን አሰበች። እስከዚያች ሰዓት የተመኘችው አንድ ነገር ነበር፤ እናቷ ድና፣ ሁለቱ እሳት ዳር ተቀምጠው ሲያወሩ ማምሸት። ተንበርክካ ፍሟን በሁለት እጇ አነሣች። ጮኸች፤ ግን አልለቀቀችም። በዚያች ቅጽበት በዘልማን ምድጃ ሁሉ ጨለመ።

ቀርሞዝ ዋጋውን ተቀብሎ እንደ ማንኛውም እሳት የሚጠፋ አንድ እሳት ለአባ ዶርጋን በማሰሮ ሰጣቸው። በመመለሻው መንገድ እሳቸው ከፊት፣ እሷ ደግሞ እሳቱ እንዳይጠፋ ከሩቅ ከኋላ ተጓዙ። ሌሊት እሳቸው ሲሞቁ እሷ ማዶ በብርድ ትቀመጣለች፤ ደህና መሆኗንም በጩኸት ይጠይቋት ነበር።

ወደ ማምሻው ዘልማን ሲደርሱ ሕዝቡ በፍርሃት ደጅ ወጥቶ ነበር። አባ ዶርጋን ማሰሮውን አደባባዩ ላይ አስቀመጡ። መጀመሪያ አንዲት አሮጊት ገል ይዛ ቀረበች፤ ከኋላዋ ሌላው መጣ፤ ትንሽ ቆይቶ ሰልፉ ወሬ ሆነ፣ ወሬውም ለቅሶ። ሰው ሳያለቅስለት የቀበረውን ሁሉ በስሙ እየጠራ አለቀሰ። ኢልፋና ከከተማው ውጭ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ከሩቅ ሰማችው፤ ደስ አላት፣ ደግሞም ክፉኛ ከፋት።

አባ ዶርጋን እሳት ይዘው ሴንማር ቤት ገቡ። እሷ ከጠቆረው ምድጃ ፊት ተቀምጣለች።

«ልጄስ?»

«ከከተማው ውጭ ናት። ከእንግዲህ እሳት ያለበት አትገባም፤ ዋጋው ይህ ነው» ብለው የሆነውን ሁሉ ነገሯት። ከዚያም ወደ ምድጃው ጎንበስ አሉ። «ላንድድልሽ?»

«ይተዉት» አለች ሴንማር።

ጋቢዋን አንሥታ ተነሣች። ግድግዳ ይዛ ደጁ ድረስ ወጣች። የጎረቤት ሴቶች አይተዋት ሮጡ፤ ግራና ቀኝ ደገፏት። ወዴት እንደምትሄድ ሲሰሙ በእጃቸው የነበረውን እሳት መሬት ላይ አስቀምጠው ተከተሏት።

ኢልፋና በጨለማው ውስጥ እናቷን ከአካሄዷ ለየቻት። ሴንማር አጠገቧ ተቀመጠች፤ ጋቢውን ለሁለት አደረገችው፣ የልጇን የተቃጠሉ እጆችም ቀስ ብላ ጭኗ ላይ አኖረች።

«በርዶሻል» አለቻት።

«አዎ እማ።»

ሴቶቹ ቆመው ቀሩ። ከመካከላቸው ታላቂቱ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ቀረበች። «ሴንማር፣ ለቤርሳን ለቅሶ አልደረስንሽም ነበር። እንግዲህ ዛሬ መጥተናል።»

«ተቀመጡ» አለች ሴንማር፤ ይህን ብላም ማልቀስ ጀመረች።