አሥራ ሁለት የተጻፈበት ወራጅ

ነርሷ ነርስ አይደለችም። ስሙን ያወጡላት የአጎቷ እንጨት ቤት ሠራተኞች ናቸው፤ ቀኑን ሙሉ እንጨት ስትወጋ ስለምትውል። የምትወጋበት መሣሪያ የእርጥበት መለኪያ ነው። መዳፍ ላይ ልክክ ይላል፣ አናቱ ላይ ሁለት ሹል መርፌዎች አሉት፣ መርፌዎቹ እንጨት ውስጥ ሲገቡ ትንሿ መስኮት ላይ ቁጥር ይወጣል። አሥራ ሁለትና ከዚያ በታች ከሆነ እንጨቱ ደርቋል፣ ለቤት ውስጥ ሥራ ይሄዳል። ከዚያ ከበለጠ ወደ መጋዘን ይመለሳል። ነርሷ ቁጥሩን በጠመኔ እንጨቱ ላይ ትጽፈዋለች፤ እሷ ከጻፈች በኋላ የሚከራከር ብዙ የለም።

እሱ አናጢ ነው። የእሱም ስም ቅጽል ነው፤ «ቀስበሉ» ይሉታል። እንጨት ሲጭኑም ሲያወርዱም፣ ምሳ ሲቀርብ እንኳ፣ ከአፉ የሚወጣው «ቀስ በሉ» ብቻ ነው። በቀን አሥር ቃል ከተናገረ ያን ቀን አፉ ተከፈተ ይባላል። የራሱ ትንሽ ወርክሾፕ አለችው፣ እንጨቱን የሚወስደው ከነርሷ አጎት ነው።

ስምንት ወር ሙሉ በየሳምንቱ መጣ። እሷ ትወጋለች፣ ትጽፋለች፤ እሱ ቁጥሩን ያይና «ይበቃል» ብሎ ይጭናል። ሌሎቹ አናጢዎች ጫር ጫር አድርገው፣ አሽትተው፣ ቅር እያላቸው ነው የሚወስዱት። እሱ አንድም ቀን ልኬቷን አልደገመባትም። ሰው በምን እንደሚሸነፍ አይታወቅም፤ አንዱ በዓይን፣ አንዱ በጨዋታ ይሸነፋል። እሷን ያሸነፋት ይሄ ነበር።

ጥፋቷም የመጣው ከዚሁ ነው።

ቀስበሉ በሕይወቱ ትልቁን ሥራ አገኘ። በአንድ የልጆች ቤተ መጻሕፍት አዳራሽ ውስጥ፣ ልጆች ወጥተው የሚያነቡበት የእንጨት ሰገነት እንዲሠራ ታዘዘ። ሰገነቱን የሚሸከሙ ስድስት ወፍራም ወራጆች ያስፈልጉት ነበር። ወራጆቹ የአጎቷ ግቢ ውስጥ አራት ቀን ፀሐይ ላይ ሰንብተው ቆዳቸው ደርቋል። እንዲህ ያለ ወፍራም እንጨት ደግሞ በአጭሩ መርፌ አይለካም፤ አጭሩ የሚደርሰው ቆዳው ጋ ብቻ ነው። ለእሱ ረጃጅም መርፌዎች አሉ፣ እስከ ልቡ ድረስ በመዶሻ የሚመቱ። ነርሷ ይሄን ከማንም በላይ ታውቃለች።

መዶሻውን ልታነሳ ስትል ቀስበሉ ማውራት ጀመረ።

ጉድ ነው። ስለ አባቱ አጫወታት። አባቱም አናጢ ነበር፣ አንድ ቀን ሲቸኩል ሁለት ጣቱን መጋዝ ወሰደበት፤ ከዚያ በኋላ ልጁን በነጋ በጠባ የሚመክረው አንድ ነገር ብቻ ነበር፣ ቀስ በል። ነርሷ መዶሻው ላይ እጇን እንዳሳረፈች ቀረች። አሁን ብትመታ ድምፁ ያቋርጠዋል። አንዴ ከተቋረጠ ደግሞ ሌላ ስምንት ወር ሊያስጠብቃት ነው። እጇ በራሱ ጊዜ ወደ አጭሩ መርፌ ሄደ። ዓይኗን ከፊቱ ሳትነቅል ወጋ ወጋ አደረገች፤ አሥራ ሁለት፣ አሥራ አንድ፣ አሥራ ሁለት። ጻፈች።

«ይሄን ሥራ ባስረከብኩ በመጀመሪያው እሁድ አጎትሽን ላነጋግር እመጣለሁ» አላት። «ከዚያ በፊት ግን አንቺን የምጠይቅሽ…»

የጭነት መኪናው ጡሩንባ ነፋ። ቀስበሉ ደንግጦ ወደ አፉ የመጣውን ዋጠውና አንዱን ወራጅ ትከሻው ላይ አደረገ። ሲያነሳው ትንሽ ቆም ማለቱን አይታ ነበር። ሐሳብ ገብቶት ነው ብላ አለፈችው።

ሦስት ሳምንት እንደ ቀልድ አለፈ። ማክሰኞ ዕለት ነርሷ ለሰገነቱ የእጅ መደገፊያ የሚሆን ጣውላ ልታደርስ ቤተ መጻሕፍቱ ሄደች። አዳራሹ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፣ መስኮቱ ዝግ ነው፣ ይሞቃል። ሰገነቱ ከመደገፊያው በቀር አልቆ ያበራል። ቀና ብላ እያደነቀች ሳለ ከላይ ጠቅ የሚል ድምፅ ሰማች።

ክው አለች። እንደዚያ ያለ ድምፅ ታውቀዋለች፤ ውስጡ እርጥብ የሆነ እንጨት በሙቀት ሲደርቅ የሚያሰማው ነው። መሰላል አምጥታ ወጣች። ከግድግዳው ሲቆጠር ሁለተኛው ወራጅ ትንሽ ተጣሞ ከማረፊያው እየሸሸ ነበር፤ ቡሎኑ ያለበት ቦታ ላይም ጥፍር የሚያስገባ ስንጥቅ አለ። ከስንጥቁ አጠገብ በጠመኔ የተጻፈ ቁጥር አየች። ቀስበሉ ወራጁን ሁሉ ልጎ ቫርኒሽ ሲቀባ ያቺን ቦታ ብቻ ሳይነካት ትቷታል። አሥራ ሁለት ይላል። የእሷ የእጅ ጽሑፍ ነው።

ያን ዕለት የተደረገው አንድ በአንድ መጣባት፤ ፀሐዩ፣ አጭሩ መርፌ፣ ጨዋታው።

ቅዳሜ ሰገነቱ ይመረቃል፤ ስልሳ ልጅ ይወጣበታል። እሁድ እሱ ወደ አጎቷ ይመጣል። ብትናገር ስሙ ይጠፋል፤ በመጀመሪያው ትልቅ ሥራው እርጥብ እንጨት ሰቀለ ተብሎ ማን ደግሞ ይጠራዋል? እሷንስ እንዴት ብሎ ያያታል? አንድም ቀን ያልደገመባት ሰው፣ እርጥብ ወራጅ እንደሚያይ በጥርጣሬ ሲያያት ታሰባት። ባትናገር ግን… ባትናገር የሚሆነውን ማሰብ አልቻለችም። ሐሳቡ እዚያ ሲደርስ ትነሳና ሥራ ትይዛለች።

ምናልባት እንጨቱ ቦታውን እየያዘ ይሆናል እያለች ራሷን ስታታልል ማክሰኞ አለፈ። ረቡዕ እህል አልወርድ አላት። በር በተዘጋ፣ ጣውላ በወደቀ ቁጥር ትዘላለች። አጎቷ ከልጅነቷ ያሳደጋት ሰው ነው፣ ሳህኗን አይቶ፣ «ምነው ልጄ፣ አሞሻል እንዴ?» አላት። ደክሞኝ ነው አለችው። ዋሽታው አታውቅም ነበር።

ሐሙስ ጠዋት ረጃጅሞቹን መርፌዎችና መዶሻውን በቦርሳ ይዛ ወደ አዳራሹ ሄደች። ማንም አልነበረም። መሰላሉ ላይ ወጥታ አሥራ ሁለት ከሚለው ጽሑፍ አጠገብ መታች። መርፌው ሲገባ ቁጥሩ ይወጣ ጀመር። አሥራ ሦስት። መታች። አሥራ ስምንት። መታች። ሃያ ሁለት። የመጨረሻውን ስትመታ መስኮቷ ላይ ሃያ ስድስት መጣ፣ ከዚያም አልወርድ አለ።

«ስንት ነው?»

ቀስበሉ ከታች ቆሟል። መቼ እንደገባ አላወቀችም። «ሃያ ስድስት» አለችው። መሣሪያውን ወደ እሱ አዞረችው። አየው። ፊቱ ላይ ንዴት ፈልጋ አጣች፤ ያገኘችው ፍርሃት ነበር። ይሄ የበለጠ አስደነገጣት።

ይህን ጊዜ በሩ ተከፈተና ልጆች ግር ብለው ገቡ። የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ፣ ሥርዓት የምትወድ ደርበብ ያለች ሴት፣ ለቅዳሜው መዝሙር ሰገነቱ ላይ እንዲለማመዱ ቀድማ አምጥታቸዋለች። ልጅ ደግሞ አዲስ ደረጃ አይቶ መች ይቆማል! የፊተኞቹ ደረጃውን በሩጫ ጀመሩት።

ነርሷ ከመሰላሉ እንዴት እንደወረደች ዛሬም አታስታውስም። ብቻ ደረጃው አፍ ላይ ቆማ እጆቿን ዘርግታ ራሷን አገኘችው። ሁለት ልጆች ሆዷ ላይ ተላተሙ። ኃላፊዋ ምን ሆነሽ ነው አለቻት።

«እንጨቱ እርጥብ ነው» አለች ነርሷ። «የለካሁት እኔ ነኝ። በአጭር መርፌ ለካሁት። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ የእሱ አይደለም። ልጆቹን ያስወጡልኝ፣ እባክዎ።»

ቀስበሉ መጥቶ አጠገቧ ቆመ።

«የለካችው እሷ ናት» አለ፤ «የተሸከምኩት ግን እኔ ነኝ። ደረቅ እንጨት እንደዚያ አይከብድም። ትከሻዬ ነግሮኝ ነበር። አውቄ ዝም አልኩ።»

ነርሷ ዞራ አየችው።

«ደግመሽ ለኪው ብልሽ ያላመንኩሽ ይመስልሻል ብዬ ፈራሁ» አላት ቀስ ብሎ፣ ሰው መኖሩን የረሳ ይመስል። «ከዚያ ወዲህ ሰላም የለኝም። በየጠዋቱ እየመጣሁ አየዋለሁ።»

ኃላፊዋ ሌላ አልጠየቀችም፤ ልጆቹን እጅ ለእጅ አያይዛ አስወጣቻቸው።

ከዚያ ቋሚ ማስገባት ነበረበት። ወራጁን ከሥር የሚደግፍ ግንድ አቁሞ በሽብልቅ እስኪያጠብቀው ድረስ ሰው ሥሩ መግባት አለበት። ነርሷ አትግባ አለችው። ካልገባሁ ወራጁ ሌላውን ሁሉ ይዞ ይወርዳል አላትና ግንዱን አቅፎ ገባ። እሷም ተከትላው ገባች። ሂጂ አላት፣ አልሰማችውም፤ የግንዱን ግርጌ በሁለት እጇ ያዘች። ከላይ ጠቅ አለ። ደግሞ ጠቅ አለ። የግድግዳው አቧራ ፀጉራቸው ላይ ተበተነ። ሽብልቁን በአንድ እጁ ሲመታ ወራጁ ከማረፊያው ወጥቶ ሁለት ጣት ያህል ወረደና፣ ግንዱ አናት ላይ ዘጭ ብሎ ቆመ። ክብደቱ በግንዱ በኩል እስከ መዳፏ ተሰማት።

ከዚያ በላይ አልወረደም፣ ያዘ።

«ቀስ በይ» አላት ሲወጡ። ከንፈሩ ደርቆ ነበር። አልሳቀችም፤ ልታለቅስም ልትስቅም የምትችልበት አቅም አልነበራትም።

ምርቃቱ ተሰረዘ። እሁድም መጣ፣ ቀስበሉ ግን አልመጣም። አጎቷ ነገሩን ሁሉ ከራሷ አፍ ሰማ፤ አልጮኸባትም፣ መለኪያውን ከእጇ ተቀብሎ መሳቢያ ውስጥ ቆለፈበት። ጮኾባት ቢሆን ይሻላት ነበር። ሠራተኞቹ ነርሷ ማለት ተዉ። እሷ መጋዘን ውስጥ ጣውላ ስትደረድር ትውላለች፣ የመኪና ድምፅ በሰማች ቁጥር ወደ በሩ ታያለች። አንድ ሳምንት፣ ሁለት፣ አምስት። ሰባተኛው ላይ መቁጠሩን ተወችው። በቃ፣ አበቃ አለች። ከሰገነቱ ሥር የያዛት ፍርሃት ይቀላት ነበር፤ ያኔ ቢያንስ አጠገቧ ነበር።

በአሥረኛው ሳምንት መኪናው በሩ ላይ ቆመ። ቀስበሉ ወረደ፣ ከስቷል። ኃላፊዋ ሰገነቱን አፍርሶ እንደገና እንዲሠራ ፈቅዳለታለች፤ እውነቱን ስለነገረኝ ሌላ ሰው አልፈልግም ብላ። አጎቷ ስድስት ሌሎች ወራጆች፣ ጥላ ውስጥ ሁለት ዓመት የሰነበቱ፣ አወጣለትና ሊለካ መሳቢያውን ከፈተ። ቀስበሉ ግን እጁን ያዘው።

«እሷ ትለካልኝ» አለ።

አጎቷ አንዴ እሱን፣ አንዴ እሷን አየ። መለኪያውን ሰጣትና ሥራ እንዳለበት ሰው ጉሮሮውን እየጠረገ ወደ ውስጥ ገባ።

ነርሷ መዶሻውን አነሳች። በእያንዳንዱ ወራጅ ላይ ሦስት ቦታ፣ እስከ ልቡ። ቀስበሉ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድ ቃል አልተነፈሰም። ዝምታው ቂም ይሁን ሌላ ነገር አልለይ አላት። የመጨረሻው ላይ አሥራ አንድ ብላ ጻፈች።

ቀስበሉ ቁጥሩን አየ። «ይበቃል» አላለም። መዶሻውን ከእጇ ወሰደ፣ መርፌዎቹን እሷ ከወጋችበት አጠገብ አስቀመጠና መታ። ነርሷ ዓይኗን ጨፈነች። የፈራችው ደረሰ፤ አሁን እሱም እንደ ሌሎቹ ይደግምባታል።

«እዪው» አላት።

ከፈተች። አሥራ አንድ።

«ከዛሬ ጀምሮ እደግምብሻለሁ» አለ። «አንቺም ድገሚብኝ። ሲከብደኝ ከበደኝ እልሻለሁ፣ አንቺም ሲያስፈራሽ ንገሪኝ። ዝም ብዬ ልሞት ነበር እኮ፣ ያን ሦስት ሳምንት።»

«አሥር ሳምንት የት ነበርክ?»

«እየፈራሁ» አላት። «አጎትሽ ያባርረኛል ብዬ አይደለም። አንቺ እኔን ስታዪ ያ ቀን ይታይሻል ብዬ ነው።»

ነርሷ እንባዋ መጣ፣ አልከለከለችውም። ያን ቀን መኪናው ጡሩንባ ሲነፋ ምን ሊጠይቃት እንደነበር ጠየቀችው። ቀስበሉ መዶሻውን መሬት ላይ አስቀመጠ፣ እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ፣ ጆሮው ቀላ።

«ታገቢኛለሽ ወይ ልልሽ ነበር።»

«አዎ» አለችው። ከዚያ እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገችና፣ «አንዴ ብቻ የተለካ አይታመንም፣ ድገመው» አለችው።

ደገመው። የሰጠችው መልስ ያው ነበር።