የእጁ መንቀጥቀጥ ቆመ ብዬ

አርባ ዓመት ሙሉ የሰው ጢም ስላጭ ኖሬአለሁ። የጸጉር አስተካካይን ጤና ማወቅ ከፈለጋችሁ እጁን እዩ እል ነበር። በዚህ እምነቴ ልጄን ላጣው ነበር። ዛሬ እፎይ ብዬ የማወራችሁ ስለተረፈልኝ ነው።

ልጄ የጸጉር ማስተካከያ ሱቄን ከተረከበኝ በኋላ መጠጥ ለመደ። ውሎ አድሮ ምላጭ ሲይዝ እጁ ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ ደንበኞቻችንም አንድ በአንድ ሸሹ። በየጠዋቱ “እስቲ እጅህን ዘርጋ” እያልኩ አፈጥበታለሁ። “ሰው ከቆረጠ ይተዋል!” እያልኩም እዘልፈዋለሁ። ሦስት ጊዜ ቆርጦ ተወው፤ ሦስት ጊዜም አገረሸበት።

በመጨረሻ ታላቅ እህቱ ሐኪም ቤት ወሰደችው። ጥቂት ቀን ተኝቶ ታከመና የመጠጥ አምሮት የሚያበርድ ኪኒን በየቀኑ እንዲወስድ ታዘዘለት። በወሩ እጁ እንደ ድሮው ጸና። ደስታዬን አልቻልኩትም።

“በቃ ድነሃል። አሁን ደግሞ የኪኒን ሱሰኛ ልትሆን ነው?” አልኩት።

“አባዬ፣ ሐኪሟ እንዳታቋርጥ ብላኛለች።”

“ሐኪሟ ጢም ላጭታ ታውቃለች? እጅህን እያየሁት!”

ኪኒኑን ነጥቄ ከተቆረጠው ጸጉር ጋር ጠርጌ ጣልኩት። አልተከራከረኝም፤ የእጅን ነገር ከኔ ተምሮ ነዋ ያደገው።

በሦስተኛው ሳምንት ሱቁ ውስጥ ሰክሮ ተዘርሮ አገኘሁት። ግንባሩ ተፈንክቷል፤ የተከፈተ ምላጭ አንገቱ አጠገብ ወድቋል። መተንፈሱን እስካረጋግጥ ድረስ እኔም አልተነፈስኩም።

ሐኪም ቤት አድርሼው ኪኒኑን መጣሌን ስነግራት ሐኪሟ አልተቆጣችኝም፤ ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

“አባባ፣ የእጅ መንቀጥቀጥ ቶሎ ይቆማል፤ አንጎሉ ግን ብዙ ጊዜ ይፈልጋል” አለችኝ። “አንጎላችን ደስ ያለንን ነገር ‘ድገመው’ የሚል ክፍል አለው። መጠጥ ሲደጋገም ያንን ክፍል ያዛባዋል፤ ‘ተው’ የሚለውን ደግሞ ያደክመዋል። ኪኒኑ ‘ድገመው’ የሚለውን ግፊት ያበርድለታል። ሱስ በሽታ ነው፤ የሚታከም በሽታ።”

“ታዲያ ቆራጥነት የት ገባ?”

“በየቀኑ መድኃኒቱን መውሰዱስ ምን ይመስልዎታል?”

ያኔ ገባኝ። ልጄ ሰነፍ ሆኖ አያውቅም፤ ሕመምተኛ ነበር። እኔ ደግሞ መድኃኒቱን ከእጁ ነጠቅሁት። ወላጆች፣ እባካችሁ የኔን ስሕተት አትድገሙ። የልጃችሁ መልክ ስለተመለሰ ብቻ መድኃኒቱን አታስቁሙ፤ ይብቃ የሚለው ሐኪሙ ይሁን።

ሕክምናውን እንደገና ከጀመረ ስምንት ወር ሆነው። ጠዋት ጠዋት ኪኒኑን የሚውጥበትን ውኃ መስተዋቱ ሥር የማኖርለት እኔ ነኝ። ደንበኞቻችንም እየተመለሱ ነው።

ትናንት ሱቁን እንደከፈትን ወንበሩ ላይ ወጥቼ ተቀመጥኩና “በል ላጨኝ” አልኩት።

ፎጣውን እያለበሰኝ ሳቀ። “እጄን ሳታይ?”

“ኪኒንህን ስትውጥ አይቻለሁ” አልኩና አንገቴን ቀና አድርጌ ዓይኔን ጨፈንኩ።