የግድግዳ ጉንፋን

«ሠላሳ አንድ!» አለች ድንቢጥ፣ እስክሪብቶዋን ዴስኩ ላይ ጣል አድርጋ። «ከአርባ ተማሪ ሠላሳ አንዱ አንቲባዮቲክ ጉንፋን ያድናል ብሎ መልሷል። ጉድ እኮ ነው!»

ቁመቷ አጭር፣ ድምጿ ቀጭን ስለሆነ ነው ድንቢጥ የተባለችው። የጤና ክበቡን መጠይቅ ያዘጋጀችው እሷ ናት፤ ውጤቱንም ሰኞ ክፍል ፊት ቆማ የምታቀርበው እሷው ነች።

አጠገቧ የተቀመጠችው ጓደኛዋ አልሳቀችም። የሴቶቹ ቡድን በረኛ ናት፤ ኳስ አታሳልፍም ብለው ግድግዳ ይሏታል። ዛሬ ግን ግድግዳው ውሃ ያፈሳል።

«ስሚኝማ» አለች ግድግዳ፣ አፍንጫዋን በመሐረብ ይዛ። «ያን ሰሞን ቶንሲል አሞሽ የወሰድሽው ካፕሱል ተርፎሻል አይደል? ነገ ፍጻሜ ነው። በናትሽ አምጪልኝ።»

«ለጉንፋን አይሠራም እኮ! አሁን ምን እያልኩ ነው?»

«አንቺን አላዳነሽም? ነው ወይስ ለእኔ ሲሆን ሰሰትሽ?»

ይህቺ ቃል ድንቢጥን ወጋቻት። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ ሲጋሩ «የኔ፣ ያንቺ» ተባብለው አያውቁም። ካፕሱሉም በእርግጥ ተርፎ ነበር። ሐኪሙ የሰባት ቀን ቢያዝላትም፣ በአራተኛው ቀን ጉሮሮዋ ሲሻላት ትታው መሳቢያዋ ውስጥ ተቀምጧል። ለምሳ ቤት ስትሄድ «አንድ ሁለት ፍሬ ምን ያደርጋታል?» እያለች ራሷን አባበለችና ኪሷ ከተተችው።

ከምሳ መልስ ከክፍሉ ጀርባ ሰጠቻት። ግድግዳ ጊዜ አላጠፋችም፤ አንዱን ፈልቅቃ መዳፏ ላይ አድርጋ የውሃ ኮዳዋን ከፈተች። ያኔ ድንቢጥ ክንዷን ያዝ አደረገቻት። ፋርማሲስቷ አክስቷ ደንበኞቿን ሁሉ የምትጠይቀው ጥያቄ ከአፏ አመለጣት።

«ቆይ፣ የማይስማማሽ መድኃኒት አለ?»

«እኔ እንጃ። ሕፃን ሆኜ የሆነ መርፌ ተወግቼ ፊቴ እንደ ዱባ አብጦ ነበር አሉ። እማዬ እስከ ዛሬ ታወራዋለች። ፔኒ... ፔኒሲሊን መሰለኝ።»

ድንቢጥ መዳፏን መታቻት። ካፕሱሉ ተፈናጥሮ ሣር ውስጥ ገባ።

«አበድሽ እንዴ?»

«ተነሺ! አክስቴ ጋ እንሄዳለን።»

ፋርማሲው ከትምህርት ቤቱ አጥር ማዶ ነው። አክስቷ መነጽሯን ከግንባሯ አውርዳ ማሸጊያውን አገላብጣ አየችው።

«አሞክሳሲሊን። የፔኒሲሊን የቅርብ ዘመድ ነው» አለች። «እናትሽ የምታወራው እውነት ከሆነ፣ ይሄ ትንፋሽ እስከማሳጣት ይደርሳል። ለመሆኑ የማን ነው?»

ድንቢጥ ዓይኗን ወለሉ ላይ ተከለች። «የኔ ነው፣ አክስቴ። ሲሻለኝ ጊዜ ተውኩት። አምጥቼ የሰጠኋትም እኔ ነኝ።»

አክስቷ አልተቆጣችም፤ ያ ደግሞ ከቁጣ ይብስ ነበር። «የታዘዘልሽን ለመተው ስታስቢ ያዘዘልሽን ሰው ትጠይቂያለሽ። ባክቴሪያዎቹ መድኃኒቱን ከለመዱት፣ ነገ የእውነት ሲያምሽ የምሰጥሽ አይኖረኝም» አለችና የተረፉትን የሚወገዱ መድኃኒቶች ሳጥን ውስጥ ጨመረቻቸው። ከዚያ የግድግዳን ግንባር ዳሰሰች። «ትኩሳት የለሽም፤ ጉንፋን ነው የኔ ልጅ። ውሃ ጠጪ፣ በጊዜ ተኚ። እናትሽን ደግሞ የመርፌውን ነገር በደንብ ጠይቂያትና ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ ካርድሽ ላይ ይጻፍልሽ።»

ሲመለሱ መንገዱን እንደተሻገሩ ግድግዳ ቆም አለች።

«ልትገድይኝ ነበር እኮ» አለች።

«አውቃለሁ። ይቅርታ።»

«ደሞ ያዳንሽኝም አንቺው ነሽ። ታዲያ ልኮርፍሽ ወይስ ላመስግንሽ?»

«መጀመሪያ ተናፈጪ።»

ሁለቱም በሳቅ ፈነዱ፤ የግድግዳ ሳቅ በሳል አለቀ።

በማግስቱ እያስነጠሰች ተጫወተች። አንዷ ጎል የገባችባት «አጥ...» ብላ ሳትጨርስ ነው። ቢሆንም ሁለት ለአንድ አሸነፉ።

ሰኞ ጠዋት የባዮሎጂ አስተማሪያቸው «በይ ጀምሪ» አሏት። የድንቢጥ ወረቀት የመጀመሪያ መስመር «አብዛኞቻችሁ ተሳስታችኋል» ይላል። አንዴ አየችው፣ አንዴ ክፍሉን አየች። ከዚያ ወረቀቱን አጠፈችው።

«ውጤቱን ከማንበቤ በፊት» አለች በዚያች ቀጭን ድምጿ፣ «መልሱን እያወቅኩ እኔ ራሴ የሠራሁትን ልንገራችሁ።»