ፎርማት ያደረግኩት ድምፅ

ጅን አየሁ፣ የሞተ ሰው ጠራኝ ብሎ ወደ እኔ የመጣ ሰው ሁሉ ከእኔ ያተረፈው ሳቅ ብቻ ነው፣ ደሴ እያለሁ አጎቴ ስለ ጅን ሲያወራ እንኳ ‹‹አጎቴ፣ ጅኑ ራዲዮ መጠገን ይችላል?›› እያልኩ አናድደው ነበር፣ እና አሁን ይኼን የማወራችሁ ያው ያ ሰይድ ነኝ፣ አልተለወጥኩም፣ አላምንም የሚል ካለ እዚሁ ላይ ያቁም፣ ወላሂ አልቀየምም፣ እኔም ብሆን አላምንም ነበር።

ነገሩ የሆነው አርባ ምንጭ፣ ታችኛው ሰፈር ሲቀላ፣ ኮምፒውተር ጥገና ቤት ውስጥ ነው፣ ከሚሊኒየሙ ሁለት ሦስት ዓመት በኋላ፣ ፔንቲየም ፎር ገና ባልተናቀበት ዘመን። የሱቁ ባለቤት ማርቆስ የጨንቻ ልጅ ነው፣ ሳቂታ፣ ደግ፣ እጁ ግን ለብረት ያልተፈጠረ ሰው፣ ስለዚህ ደንበኛ የሚያወራው እሱ ነው፣ የሚፈታውና የሚገጥመው እኔ ነኝ። እናቴ ከሞተች በኋላ ደሴ አልሆን አለኝ፣ ቤቱ ጠበበኝ፣ ሁለት ቀን በአውቶቡስ ተጉዤ ማንም የማያውቀኝ አገር ገባሁ፣ ነገሩ ሲሆን ከመጣሁ ሦስት ዓመቴ ነበር።

ጋሞ አገር መስቀል ሲደርስ የሚሆነውን ያላየ ሰው ነገሬ አይገባውም። ከተማው ይራገፋል። ባጃጅ ነጂው፣ ሊስትሮው፣ የጁስ ቤቷ ልጅ፣ የባንኩ ዘበኛ፣ ሁሉም ወደ ቤተሰቡ ይወጣል፣ የተጣላ ይታረቃል፣ ከሩቅ ያለ ይመጣል፣ ወደ ጨንቻ የሚወጣው መኪና ሰው በሰው ላይ ጭኖ ዳገቱ ላይ ያቃስታል። ማርቆስም በዋዜማው ማለዳ ቦርሳውን አንጠልጥሎ በር ላይ ቆመና፣ ‹‹ሰይዶ፣ ለመስቀል ሰው ብቻውን አይቀርም፣ ነውር ነው። እናቴ በጉን አንተው በእጅህ እንድታርደው ብላ አስቀምጣልሃለች፣ ተነስ እንሂድ!›› አለኝ።

‹‹ሥራ አለብኝ›› አልኩት።

‹‹አንዲት ኮምፒውተር ናት'ኮ!››

‹‹አንዲትም ብትሆን ሥራ ናት፣ ሂድ በቃ፣ መኪናው ያመልጥሃል።››

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ሥራው ሰበብ ነበር፣ የሰው እናት ‹‹ብላ ልጄ›› ስትለኝ አንገቴን ደፍቼ እንዳላለቅስ ነው የፈራሁት። ማርቆስ ትከሻዬን መታ አድርጎ ሄደ፣ እኔም ከጠረጴዛዬ ጋር ቀረሁ።

ኮምፒውተሯ የጋሽ ወርቁ ናት። ጋሽ ወርቁ በወጣትነታቸው ከጎንደር መጥተው፣ ጂኦግራፊ ሲያስተምሩ ኖረው፣ እዚሁ ጡረታ የወጡ፣ ላይኛው ሰፈር ሴቻ የሚኖሩ ሽማግሌ ናቸው፣ ባለቤታቸው እትዬ አስቴር የአገሩ ልጅ ነበሩ፣ ከሞቱ ስምንት ወር ሆኗቸዋል፣ ልጅ የላቸውም። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ማዘርቦርዱን በላው፣ አዲሱ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ተልኮ የደረሰው በዋዜማው ዋዜማ ነው። እኔ ያኔ የማላውቀውን እናንተ አሁኑኑ እወቁት፦ እዚያች ማሽን ውስጥ እትዬ አስቴር ታመው በነበረ ጊዜ በማይክ የቀዱት ድምፅ ነበረ፣ ሌላ ቅጂ የሚባል ነገር የለውም፣ ሽማግሌው ለመስቀል ይድረስልኝ ብለው ማርቆስን የለመኑት እሱን ለመስማት ነው። ማርቆስም ይኼንኑ በወረቀት ጽፎ ኬዙ ጎን ላይ ለጥፎታል። ወረቀቱን አየሁት፣ አላነበብኩትም፣ ምክንያቱም የማርቆስ ወረቀት ሁሌም የሚለው ‹‹የእገሌ ነው፣ ቶሎ›› ነው፣ ተሰላችቼበታለሁ።

ስድስት ሰዓት ገደማ ሥራ ጀመርኩ። የሲቀላን ሙቀት ታውቁታላችሁ፣ የቆርቆሮው ጣሪያ ይንጣጣል፣ ውጪ ሰው የለም፣ ሌላ ጊዜ ጆሮ የሚበሳው የሙዚቃ ቤቱ ስፒከር እንኳ ዝም ብሏል፣ ከጫካው የወጡ ዝንጀሮዎች የተዘጋ ሱቅ በረንዳ ላይ ተዝናንተው ይቀማመላሉ። የጎኑን ሽፋን ፈትቼ ወረቀቱን ወደ ግድግዳው አዙሬ አስደገፍኩት፣ የተቃጠለውን ቦርድ አወጣሁ፣ ለአዲሱ የነሐስ እግሮቹን በየቀዳዳው ልክ አሰርኩ፣ ፕሮሰሰሩን አስቀምጬ ሙቀት የሚያስተላልፈውን ፔስት ቀባሁ፣ ማራገቢያውን ጫንኩበት፣ ራሙን ቀጭ እስኪል ተጫንኩት፣ የፓወሩን ገመዶች ሰካሁ፣ አበራሁ።

‹‹ጢጥ›› አለ።

ማዘርቦርድ ጤነኛ ከሆነ ሲነሳ አንዴ ጢጥ ይላል፣ ደስ አለኝ፣ ‹‹እሰይ አንተ!›› አልኩት። ግን ጢጥ የምታሰኘው አውራ ጣት የምታክል ስፒከር ናት፣ እሷን ልገጥም እጄን ስዘረጋ ገና ከላስቲኳ አልወጣችም፣ ጠረጴዛው ጥግ ቁጭ ብላለች። እና ምን ጮኸ? ሞኒተሩ ይሆናል አልኩ፣ ሙቀቱ ይሆናል አልኩ፣ ስፒከሯን ገጠምኳት፣ ሥራዬን ቀጠልኩ።

አሁን ወደ ጥፋቴ መጣሁ። ቦርድ ሲቀየር የድሮው ዊንዶውስ ብዙ ጊዜ አልነሳም ይላል፣ ማስታመም ይቻላል፣ ግን እኛ ጥገና ቤቶች የምናውቀው መድኃኒት አንድ ነው፣ ለራስ ምታትም ለሆድ ቁርጠትም ፎርማት! መጀመሪያ ፋይሉን ኮፒ አድርግ የሚባለውን ለደንበኛ እንመክራለን እንጂ እኛ አንሠራበትም። ሲዲውን ከተትኩ፣ ሃርድ ዲስኩን ሙልጭ አድርጌ አጠብኩት፣ ዊንዶውስ ኤክስፒ ጫንኩ፣ ሲጨርስ ያ የስክሪኑ አረንጓዴ ሜዳ መጣ፣ ከቆሻሻ ቅርጫቷ በቀር ዴስክቶፑ ላይ ምንም የለም። ሽፋኑን ልገጥም አነሳሁ፣ ወረቀቱ ወደ እኔ ዞረ።

‹‹ዴስክቶፑ ላይ የባለቤታቸው ድምፅ አለ። ሌላ የላቸውም። ፎርማት እንዳታደርግ አደራ።››

ቁጭ አልኩ፣ እጄን አየሁት፣ የቀባሁት ፔስት ጣቴ ላይ አለ፣ ‹‹አንተ ደደብ፣ አንተ ደደብ›› እያልኩ ራሴን ሰደብኩ። በዚያው ቅጽበት መብራት ሄደ። ሞኒተሩ ጠፋ፣ ሁሉም ጸጥ አለ።

ሁሉም አልኩ እንጂ ሁሉም አይደለም። ማራገቢያው ይዞራል። መብራት ሲጠፋ ትንሽ ዞሮ መቆሙ ያለ ነው፣ ጠበቅኩት፣ አልቆመም፣ ቀስ ብሎ፣ ክንፉ እየተቆጠረ ይዞራል። ነፋስ እንዳልል ቅጠል አይነቃነቅም። ገመዱን ከግድግዳው ነቀልኩት፣ ይዞራል። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ ያሉት ሁለቱ ስፒከሮች፣ ትልልቆቹ፣ የሙከራ የምንላቸው፣ ሽሽሽ ማለት ጀመሩ፣ የእነሱም ገመድ እዚያው በጠፋው ማከፋፈያ ላይ ነው። ከዚያ ወንበር ሲጎተት ሰማሁ። ከዚያ ሴት ሳለች፣ ደረቅ የበሽተኛ ሳል።

እመኑኝ፣ መሮጥ ነበረብኝ፣ በሩ ሦስት እርምጃ ነው፣ እኔ ግን እዚያው ሆኜ አዳመጥኩ።

‹‹ይሰማል?›› አለች፣ አማርኛዋ የአገሩ ቅላጼ አለው፣ ለስለስ ያለ፣ ከዚያ ‹‹ብቻህን ነህ እንዴ?›› አለች፣ ‹‹ምሳ በልተሃል?››

ምን እንዳልኩ ልንገራችሁ? የሰው ልጅ ጅን ሲገጥመው ቁርአን ይቀራል፣ ቢስሚላህ ይላል፣ እኔ ያልኩት ‹‹አልበላሁም እትዬ›› ነው። ከአፌ አመለጠኝ። ሦስት ዓመት ሙሉ ምሳ በልተሃል ያለኝ ሰው አልነበረም፣ ምን ላድርግ? እንባዬ መጣ፣ አፈርኩ፣ ማንም በሌለበት ቤት አፈርኩ። ማራገቢያው ቆመ፣ ሽሽሽታውም ጠፋ፣ በረንዳ ላይ ዝንጀሮዎቹ ሲጣሉ ይሰማል። መብራት ከሩብ ሰዓት በኋላ ተመለሰ፣ ማሽኑን አስነሳሁ፣ ዴስክቶፑን ፈተሽኩ፣ ሃርድ ዲስኩን ፈተሽኩ፣ ባዶ።

ጋሽ ወርቁ አሥር ሰዓት ላይ ነጭ ሸሚዝ ለብሰው፣ ጺማቸውን ተላጭተው በባጃጅ መጡ። ‹‹ደረሰልኝ?›› አሉ፣ ፊታቸው በርቶ። ልናገር አፌን ከፈትኩ፣ ፊታቸውን ሳይ ወኔዬ ከዳኝ፣ ‹‹ጋሼ፣ መብራቱ ሃርድ ዲስኩንም ነክቶታል፣ ምናልባት አንዳንድ ነገር ላይኖር ይችላል›› ብዬ ዋሸሁ። ‹‹ግድ የለም፣ የኔዋ ትኑር እንጂ›› አሉና ማሽኑን እቅፍ አድርገው ሄዱ። ያን ምሽት አልበላሁም፣ አልተኛሁም፣ ሰውየው አብርተው ባዶውን ሜዳ ሲያዩ እየታየኝ ተገላበጥኩ።

በማግሥቱ፣ በመስቀል ቀን፣ ሦስት ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። ‹‹ሰይድ፣ እባክህ እቤት ድረስ ና›› አሉኝ፣ ድምፃቸው ቁጣ የለበትም፣ እሱ ነው የባሰ ያስፈራኝ። ባጃጅ ስለሌለ ከሲቀላ ሴቻ ዳገቱን በእግሬ ወጣሁ፣ የምሰደበውን ስድብ እየገመትኩ። አስገቡኝ፣ ኮምፒውተሯ ፊት አስቀመጡኝ። ወላሂ ዴስክቶፑ ላይ አንዲት ፋይል አለች፣ ‹‹አስቴር›› ይላል ስሟ።

ፎርማት የተደረገ ነገር በሶፍትዌር ይመለሳል ትሉኛላችሁ፣ አውቃለሁ፣ ሥራዬ ነው፣ ግን ሰው ቁጭ ብሎ ካልመለሰው በስተቀር ራሱ ተነስቶ ቦታው ላይ አይቀመጥም።

‹‹ስማ›› አሉኝና ከፈቱት። ያው ሳል፣ ያው ወንበር፣ ያው ‹‹ይሰማል?››። እትዬ አስቴር ማድ ቤት ገብቶ ለማያውቅ ባላቸው ያወራሉ፣ በርበሬው በትልቁ ቆርቆሮ ነው፣ ጨው በትንሿ፣ ሽሮውን በሞቀ ውሃ እንዳትበጠብጠው ይጓጉልብሃል፣ የበሩ ቁልፍ የሚከፍተው ወደ ግራ ሲሉት ነው፣ ማታ ማታ ጋቢ ደርብ፣ ሲሉ ቆይተው ‹‹በል አጥፋው›› ይላሉ።

‹‹እዚህ ጋ ነበር የሚያልቀው›› አሉ ጋሽ ወርቁ፣ ‹‹ስምንት ወር በየቀኑ ሰምቼዋለሁ፣ በቃሌ ነው የማውቀው።›› እንዳላለቀ አሳዩኝ። ሽሽሽ ይላል፣ ከዚያ ‹‹ብቻህን ነህ እንዴ? ምሳ በልተሃል?››፣ ከዚያ የወንድ ድምፅ፣ ‹‹አልበላሁም እትዬ››። ሆድ የባሰው፣ ቀጭን፣ የኔ ድምፅ። ሱቃችን ውስጥ ማይክ የሚባል ነገር አልነበረም።

‹‹ይኼ ሰው ማነው?›› አሉ። ‹‹እኔ በሌለሁበት እዚህ ቤት ማን ነበር የሚገባው? አርባ ዓመት አብረን ኖረናል፣ ሰይድ፣ አንድ ቀን ጠርጥሬያት አላውቅም።›› ሌሊቱን እንዳልተኙ ዓይናቸው ይናገራል። ዝም ብል ደህና ሴትዮ በመቃብራቸው ስማቸው ሊጠፋ ነው፣ ብናገር እብድ ልባል ነው። ተናገርኩ። ወረቀቱን አለማንበቤን፣ ፎርማት ማድረጌን፣ መዋሸቴን፣ ማራገቢያውን፣ ሁሉንም፣ መጨረሻ ላይ ‹‹አልበላሁም እትዬ›› ብዬ በራሴ አፍ አሰማኋቸው፣ እንዲያምኑኝ።

ያመኑኝ ድምፁን ሲሰሙ ነው መሰለኝ፣ ፊታቸው ላይ የነበረው ጥርጣሬ ወርዶ ሌላ የባሰ ነገር ሲመጣ አየሁ።

‹‹እኔ ስምንት ወር እዚህ ወንበር ላይ ተቀምጬአለሁ›› አሉ። ‹‹ብቻዬን ነኝ። አንድ ቀን በልተሃል አላለችኝም።››

‹‹ይቅርታ ጋሼ›› አልኩ፣ ለፎርማቱ ይሁን ለሌላው እኔም አልለየሁትም። እጃቸውን ወዘወዙ፣ ሂድ ማለታቸው ነው። ተነስቼ ወጣሁ፣ ጫማዬን በረንዳው ላይ ሳስር ስፒከሩ ሽሽሽ ሲል ሰማሁ፣ መብራት ይኑር አይኑር አላየሁም። ከዚያ የሽማግሌው ድምፅ፣ ዝግ ብሎ፣

‹‹አስቴር፣ እኔም አልበላሁም።››

ከዚህ በኋላ የሆነውን እንድነግራችሁ ትጠብቁ ይሆናል፣ እኔ ግን አልቆምኩም፣ አንደኛው ጫማዬ ሳይታሰር ዳገቱን ቁልቁል በረርኩ። መልስ ካገኙ ለምን ያስፈራኛል? ካላገኙስ? እስከ ዛሬ አላውቅም። ጋሽ ወርቁ ከዚያ ወዲህ ሱቃችን መጥተው አያውቁም፣ እኔም ሴቻ ሥራ ሲኖር ማርቆስን እልካለሁ።