ሽማግሌው ላይ ያልተሞከረው መስመር

«ይሄን መስመር የጻፈው ማነው?» አለ መምህሩ፣ ጣቱን ስክሪኑ ላይ ደግኖ።

የኮምፒውተር ክለቡ አሮጌ ማሽን፣ ተማሪዎቹ «ሽማግሌው» የሚሉት፣ እንግዶች ፊት ጉድ ሠርቷቸዋል። ዓመቱን ሙሉ የለፉበት፣ ማሽኑን የሚመራው ትንሽ ስርዓተ ክወና ገና ሲነሳ፣ በከተማው ያሉ ኮምፒውተሮች ቢደመሩ እንኳ የማይኖራቸውን የማህደረ ትውስታ መጠን ስክሪኑ ላይ አተመና ድርቅ አለ። እንግዶቹ ሳቁ።

«ይሄ የኮዱ ክፍል የክብሪት ነው» አለ ፈጣኑ።

ክብሪት የሚሏት ቶሎ ስለምትነድ ነው። «ፈጣኑ» የሚሉት ደግሞ የአክስቷ ልጅ ነው፤ አንድ ቤት አድገው አንድ ጠረጴዛ ላይ ያጠናሉ። ይህን ሲናገር ግን ፊቷን አላያትም።

«ለኮምፒውተር ውድድሩ የመረጥኩት አንቺን ነበር» አላት መምህሩ። «እንዲህ ከሆነ ሌላ ሰው እልካለሁ። እንግዶቹን ሸኝቼ ልምጣ፣ እንነጋገራለን።»

ከፈጣኑ በቀር ሁሉም ሲወጣ ክብሪት ኮዱን ከፈተች። አንዳንድ ቁጥር የሚይዘው ቦታ እንደየማሽኑ ይሰፋል፣ ይጠባል፤ አዲስ ላፕቶፕ ላይ ሰፊ የሆነው ሽማግሌው ላይ ጠባብ ነው። የክለቡ ደንብ ታዲያ ግልጽ ነው፦ እንዲህ ያለ ቁጥር ከመታተሙ በፊት ወደ ሰፊው ዓይነት ይቀየራል፣ ከዚያም በሰፊው ቅርጽ ይታተማል። ደንቡን ግድግዳው ላይ የለጠፈችው ራሷ ናት። አሁን ግን ቅርጹ ሰፊ እንደሆነ ቀርቷል፤ ቁጥሩን የሚቀይረው ቃል ጠፍቷል። ማተሚያው ሰፊ ሲጠብቅ ጠባብ ሲሰጡት፣ ከጎን ያለውን ሁሉ ዘግኖ አብሮ ያነበዋል። የወጣው ጉደኛ ቁጥር ያ ነው።

መስመሩ ላይ መጨረሻ የተመዘገበው ስም የፈጣኑ ነው። ደሟ ፈላ።

«አንተ ነህ የነካኸው!»

«አቦ፣ ኮዱን ላሳምረው ብዬ ነው። ሁሉም ቦታ ቀይር፣ ቀይር... ያስጠላል! ደግሞ የኔ ላፕቶፕ ላይ ሠርቷል።»

«ሽማግሌው ላይስ ሞክረኸዋል?»

ጀርባውን ለሽማግሌው ሰጠ።

«እና የኔ ነው አልክ?»

«የኮዱ ክፍል ያንቺ አይደል እንዴ? ምን ዋሸሁ?»

ይሄኛው ከስህተቱ በላይ አንገበገባት። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማለት ይኼ ነው! ደንቡንስ ይርሳ፣ ማንም ይረሳል። እንዴት በሰው ፊት እሷን አሳልፎ ይሰጣል?

ፈጣኑ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አንቺ ባንድ አፍታ ታስተካክይዋለሽ። ቲቸርን ስህተቴን አገኘሁት በይው፣ በቃ፣ ይቅር ይልሻል፤ ውድድሩም አይቀርብሽም። እኔ ከሆንኩ ግን ከክለቡ ያባርረኛል። እማዬ ደግሞ ከሰማች አለቀልኝ። ወንድምሽ አይደለሁም እንዴ?»

ጣቶቿ ቁልፎቹ ላይ ነበሩ። እውነቱን ነው፤ አንድ ቃል መልሳ «ይቅርታ» ብትል ነገሩ ያበቃል። ቦታዋም ይመለስላታል። ግን በገዛ ሥራዋ፣ በደንብ በሠራችው ሥራ፣ ይቅርታ ልትጠይቅ ነው። በጥፊ ልትለው ቃጣት።

እጇን ከቁልፎቹ አንስታ ወንበሩን ለቀቀችለት።

«ተቀመጥ። መስመሩን መልስና ሽማግሌው ላይ ሞክረው። ሲመጣ ደግሞ አንተው ትነግረዋለህ።»

«ካልነገርኩትስ?»

«እኔ እነግረዋለሁ። ያን ጊዜም ወንድሜ ነህ።»

ተቀመጠ። ቃሉን መልሶ ጻፈ፤ ሽማግሌው እያቃሰተ ተነሳና ትክክለኛውን ቁጥር አተመ። ከኮሪደሩ የመምህሩ ጫማ ተሰማ።

«እህ፣ ተስተካከለ?» አለ መምህሩ ገብቶ። «ምን ነበር ችግሩ?»

ፈጣኑ ቁልፎቹ ላይ አቀረቀረ። ክብሪት ጠበቀችው። እሱ ግን የቁልፎቹን አቧራ ይጠርግ ጀመር። ንዴቷ አልበረደላትም፤ ግን አልጮኸችም።

«ቲቸር» አለች፣ ወንበር ስባ ፈጣኑ አጠገብ እየተቀመጠች፣ «መስመሩን የቀየርኩት እኔ አይደለሁም።»