የጎተራው እራት

«እኔ ማታ ማታ ለጎተራው እራት አደርስለታለሁ» አለች ትንሿ አገሬ፣ ደረቷን ነፍታ።

የቀበሌው አዳራሽ በሳቅ ተናጋ። ከእሷ በፊት የተነሡት ሕፃናት ውሃ እንደሚቀዱ፣ ጥጃ እንደሚጠብቁ፣ ግቢ እንደሚጠርጉ ነበር የተናገሩት። ጎተራ እህል ሲያስቀምጡበት እንጂ እራት ሲበላ ያየ የለም። ሰሎሜም አብራ ሳቀች። ጨዋታው የእሷ ነው፤ «የቤት ጀግና» የሚለውን ስም ያወጣችለትም ራሷ ናት። በቤቱ የሚሠራውን ሥራ ጥሩ አድርጎ የተናገረ ልጅ ይጨበጨብለታል፣ ከረሜላ ይሸለማል። ከሁሉም አብልጦ የሳቀው ግን ጥግ ላይ የተቀመጠው የቀበሌው ካድሬ ጓድ አምባቸው ነበር። ለአገሬ ከረሜላውን ልጦ በገዛ እጁ አጎረሳት።

ዘመኑ የደርግ ነው፣ 1979 ዓ.ም.። ሰሎሜ የቢቸና ልጅ ናት፣ ገና አሥራ አራት ዓመቷ። የወጣቶች ማኅበሩ የትንንሾቹ ቡድን መሪ ሲያደርጋት ጓድ አምባቸው አንገቷ ላይ ቀይ ስካርፍ አሰረላትና «ጓድ ሰሎሜ» ብሎ ጠራት። እስከዚያ ቀን ድረስ ከ«አንቺ ልጅ» አልፎ የጠራት ትልቅ ሰው አልነበረም። ልጅን አክብረው ተራራ ግፋ ቢሉት ይገፋል። ሕፃናቱ በየቤታቸው የሚሠሩትን እንዲያወሩ አድርጊ ሲላትም ትጋት ሊያስተምራቸው ነው ብላ አመነች።

በማግስቱ ማለዳ ታጣቂዎች እነ አገሬ ግቢ ገቡ። የአገሬ ታላቅ ወንድም እዮብ ለብሔራዊ ውትድርና እንዳይታፈስ ባዶው ጎተራ ውስጥ ተደብቆ ኖሯል። በእግሩ ጎትተው አወጡት። እናቱ እትዬ ፈንታነሽ መሬት ላይ ሲንከባለሉ አንዱ ታጣቂ በሰደፍ ገፋቸው። ሰሎሜ ጩኸቱን ሰምታ ከጎረቤቱ ጋር ወጥታ ነበርና ሁሉንም አየች። ጎተራው ለምን እራት እንደሚበላ ያኔ ገባት።

አገሬ ከዚያ ቀን ወዲህ ቃል አልወጣትም። አንድ ነገር ሲጠይቋት በሁለት እጇ አፏን ትከድናለች። አፍ ሲከዳ ከሎሌ ይብሳል ይባላል፤ ነገር ግን ያ ተረት የተተረተው ወተት ጥርሷን ላልጨረሰች ልጅ አልነበረም።

ሰሎሜ አለቀሰች፣ ውሸት የለውም። በሚቀጥለው ስብሰባ «በንቃቷ ከዳተኛ ያጋለጠች» ተብላ ሲጨበጨብላት ደግሞ ደስ አላት፤ ይህም ውሸት የለውም። እናት አገር ከእዮብ ትበልጣለች፣ ሁሉም ከተደበቀ ዳር ድንበሩን ማን ይጠብቃል፣ እያለች የተማረችውን ለራሷ ደጋገመችው። ጨዋታው ቀጠለ። አንዱ ሕፃን ቆጥ ላይ ሆኖ ስለሚያስነጥስ ሰው አወራ፣ ሌላዋ አጎቷ ድርቆሽ ውስጥ እንደሚተኛ ተናገረች። ሰሎሜ የሰማችውን ሁሉ ለጓድ አምባቸው አደረሰች።

ቤቷ ውስጥ ግን እሷ ስትገባ ወሬ መቋረጥ ጀመረ። እናቷ ይርጋነሽ ምግብ ታቀርብላታለች፣ ልብሷን ታጥብላታለች፣ ከዚያ ያለፈ ነገር አታነሣም። አንድ ቀን ሰሎሜ አላስችል አላት።

«እማዬ፣ ምን ብበድልሽ ነው የማታናግሪኝ?»

እናቷ ፊቷን ሳታዞር፣ «ፈርቼሽ ነው ልጄ» አለቻት።

የማይፈራት ወንድሟ ዓለምነህ ብቻ ነበር፣ ወይም የማይፈራት ይመስል ነበር። አናጺ ነው። ዕድሜው ለውትድርና ከደረሰ ቆይቷል፣ እኩዮቹ ታፍሰው አልቀዋል፣ እሱ ግን መጋዙን ይዞ በከተማው እንደልቡ ይመላለሳል። «እኔን ማን አባቱ ይነካኛል፣ እህቴ ጄኔራል ናት!» እያለ ይቀልድባታል። ውሻ በጮኸ ቁጥር ግን መጋዙን አስቀምጦ ወደ በሩ ያያል።

የጨዋታው ዝና ከቢቸና አልፎ ሄደ። ሞጣ ላይ የየወረዳው የቡድን መሪዎች ሲሰበሰቡ ሰሎሜ እዚያው ባሉ ሕፃናት ላይ እንድታሳያቸው ተጠራች። መንገድ ላይ ጓድ አምባቸው አጠገቧ ተቀምጦ፣ እንደ ዘመድ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ዓለምነህ በሰላም ወጥቶ የሚገባው በአንቺ ነው። ዛሬ እንዳታሳፍሪኝ» አላት። ወንድሟን በስሙ ጠርቶት አያውቅም ነበር፤ በዚያ ቀን ግን ስሙ አፉ ላይ ሲያርፍ ሰሎሜን ብርድ ብርድ አላት።

የሞጣው አዳራሽ ጢም ብሎ ነበር። መጀመሪያ የተነሣችው የፊት ጥርሶቿ የወለቁ ንጋት የምትባል ሕፃን ናት። ከረሜላውን እያየች፣ «እኔ ጠዋት ጠዋት ውሃ እወስዳለሁ» አለች።

«ጎበዝ! ንጋት ውሃ ትቀዳለች፤ አጨብጭቡላት» አለች ሰሎሜ ቸኩላ።

ሕፃን ግን ነገሩ ሲዛባበት አይወድም። «አልቀዳም! የምወስደው ለወን...»

ሰሎሜ የልጅቷን አፍ በመዳፏ ከደነችው። እንዲህ አደርጋለሁ ብላ አላሰበችም፤ እጇ ነው የቀደማት። የሕፃኗ ትንፋሽ መዳፏን ሲያሞቃት ዓለምነህ ታሰባት። እጇን ብታነሣ ወንድሟ ይተርፋል፣ የንጋት ወንድም ይሄዳል። አላነሣችም። «አሟታል፣ ሊያስመልሳት ነው» ብላ ልጅቷን አቅፋ በጎን በር ይዛት ወጣች።

ደጅ ላይ ንጋት ማልቀስ ጀመረች። ሰሎሜ ትከሻዋን ይዛ አጎነበሰች። «ቀጥ ብለሽ ቤትሽ ሩጪ። ውሃውን ለማን እንደምትወስጂ ለማንም አትናገሪ። ለእኔም ቢሆን» አለቻት። ልጅቷ ከለቅሶዋ ጋር እየሮጠች ሄደች።

ጓድ አምባቸው ተከትሏት ወጣ። አልተቆጣም፤ ፈገግ እንዳለ ጉንጯን መታ መታ አደረጋት። «አንቺ ልጅ፣ እኔ ሞኝ መሰልኩሽ? ነገ ቢቸና ስመለስ ወንድምሽን የምወስደው እኔው ራሴ ነኝ» አለና ጨዋታውን ሊጨርስላት ወደ አዳራሹ ተመለሰ።

ሰሎሜ ወደ መኪና ማቆሚያው በረረች። በቢቸና የሚያልፈው አውቶቡስ ሊነሣ ሲያጓራ ደረሰችበት። ረዳቱ ቀዩን ስካርፍ ሲያይ ሒሳብ አልጠየቃትም፤ አጠገቧ የተቀመጡት ሰውዬም ጨዋታቸውን አቋርጠው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። ትልልቅ ሰዎች እሷን፣ የይርጋነሽን ልጅ፣ ይፈሯታል። በሕይወቷ እንደዚያ ቀን ራሷን የጠላችበት ጊዜ የለም።

ዓለምነህን የት ልደብቀው እያለች ማሰብ ጀመረች። ጎተራ አይሆንም፤ ከእዮብ ወዲህ ጎተራ ሁሉ ይፈተሻል። ቆጡም፣ ድርቆሹም፣ የቤተ ክርስቲያኑ ዕቃ ቤት ጓሮም አይሆኑም። ቢቸና ውስጥ ሰው የሚደበቅበትን ቦታ ሁሉ ከእሷ የበለጠ የሚያውቅ አልነበረም፤ ግን ሁሉንም ለጓድ አምባቸው የነገረችው እሷው ናት። ደብረ ወርቅን አልፈው እስኪሄዱ ድረስ ቤቶቹን አንድ በአንድ በሐሳቧ አንኳኳች። አንዱም አልሆነላትም።

ታጣቂዎች ተመልሰው የማይመጡበት ቤት አንድ ብቻ ነበር። የሚወሰድ ልጅ ያልቀረበት ቤት ነው፤ የእትዬ ፈንታነሽ ቤት። እሳቸው ቢፈልጉ ዓለምነህን ያድኑታል፣ ቢፈልጉ የእዮብን ብድር ይመልሱበታል። የፈለጉትን ቢያደርጉ ማን ይፈርድባቸዋል? ሰሎሜ ለመፍረድ የሚሆን አፍ አልነበራትም።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ቢቸና ገባች። ቤቷ በቀኝ ነው። እሷ ወደ ግራ ታጠፈች።

በሩን የከፈተችው አገሬ ነበረች። ሰሎሜን ስታይ ወዲያው ሁለት እጆቿን አፏ ላይ አደረገች። ከኋላዋ እትዬ ፈንታነሽ ብቅ አሉ፤ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ጎብጠዋል።

«አሁን ደግሞ ማንን ልትወስጂ መጣሽ? የቀረችኝ እኮ ይቺ ናት» አሏት።

ሰሎሜ የበሩ ደፍ ላይ ተንበረከከች።

«እትዬ፣ ወንድሜን ደብቁልኝ» አለች።